አዲስ ሎን ኦፊሰር እንዴት ይሰልጥን? ለቅርንጫፍ ማናጀሮችና ለአሰልጣኞች

ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ስልጠና ሲባል ሁላችንም የምናውቀው አንድ አይነት ነገር ነው። አዳማ ወይ ቢሾፍቱ ሆቴል ይያዛል፣ አምስት ቀን ፓወርፖይንት፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬትና ፎቶ። ከዛ ሰልጣኙ ልጅ ቅርንጫፍ ሲመለስ ነባሩ ሎን ኦፊሰር "እሱን ተወው፣ እዚህ የምንሰራው እንዲህ ነው" ይለዋል፣ አለቀ። ስለዚህ እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው፣ መጀመሪያ ማናጀሩ ይሰልጥን፣ ቀጥሎ ልጁ ፊልድ ይውጣ፣ አዳራሹ መጨረሻ ይምጣ። ሎን ኦፊሰሩን አንዳንዱ ተቋም የብድር ባለሙያ ይለዋል፣ አንዳንዱ የደንበኛ አገልግሎት ባለሙያ፣ ስራው ግን ያው ነው፣ ሰው ቤት ሄዶ ይሄ ሰው ስንት ብር ተበድሮ መመለስ ይችላል የሚለውን መወሰን። እሱን የማያስተምር ስልጠና ሌላ ምን ቢያስተምር ምን ዋጋ አለው።

ከማናጀሩ ነው የሚጀመረው። ለማናጀሩ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ ሶስት ነገር ብቻ ነው የምትስማሙት። አንደኛ፣ ሰልጣኙ የመጀመሪያውን ወር የራሱ ደንበኛ አይኖረውም፣ ታርጌትም (ይህን ያህል አበድር የሚለው ግብ) አይቆጠርበትም። ሁለተኛ፣ የሚከተለው ነባር ሎን ኦፊሰር በችሎታው ይመረጣል እንጂ ማን ስራ ፈቷል ተብሎ አይደለም (ብዙ ጊዜ የሚመደበው ስራ የቀለለው ሰው ነው፣ ለምን እንደቀለለው ደግሞ ማንም አይጠይቅም)። ሶስተኛ፣ ሰልጣኙ "ይሄ ብድር አይሰጥ" ብሎ ከጻፈ ማናጀሩ ምክንያቱን አንብቦ መልስ ይሰጠዋል። ይቺ ሶስተኛዋ ቀላል ትመስላለች ግን ልጁ አንዴ እምቢ ብሎ "አንተ ምን ታውቃለህ፣ ታርጌት አለብን" ከተባለ ከዛ በኋላ እምቢ አይልም፣ የሚያየውን ሁሉ ይፈርማል።

የመጀመሪያው ሳምንት

የምንቀጥራቸው ልጆች አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት ጨርሰው የመጡ ናቸው፣ ባላንስ ሺት ያውቃሉ፣ የጉሊት ሂሳብ ግን አያውቁም፣ ሊያውቁም አይጠበቅም። መጀመሪያ ካሸሩ አጠገብ አስቀምጧቸው። ማን ነው ቀድሞ የሚከፍለው፣ ማን ነው የተበደረው የሚመስል ብር ይዞ የሚመጣው፣ ማን ነው ለሌላ ሰው የሚከፍለው፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሁለት ቀን የዋለ ሰው ብዙ ያያል።

ከዛ ፋይል። በደንብ ተከፍለው ያለቁ አስር ፋይሎችና የተበላሹ አስር ፋይሎች ቀላቅላችሁ ስጧቸው፣ መጨረሻቸውን ግን ደብቁ፣ ማለትም የክፍያውን ገጽ አውጡት። "አንተ ብትሆን የትኛውን ታበድራለህ?" በሏቸው። አብዛኛው ሰልጣኝ ወረቀቱ የተሟላውን፣ ፎቶው የተለጠፈውን፣ ማህተሙ የበዛውን ይመርጣል። መልሱን ስታሳዩት ግን የተበላሸው ፋይል ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ የገቢ ገጹ ላይ ከጎረቤቱ ፋይል ጋር ቁጥሩ አንድ አይነት ሆኖ ይገኛል። ኮፒ ነዋ! አንዱን ሞልቶ እርስ በርስ ተዋስተው ለተበደሩት ስድስቱም የቡድን አባላት ገልብጦታል። ይሄን በዓይኑ ያየ ሰልጣኝ ፎርም መሙላት ማለት ስራ መስራት እንዳልሆነ ይገባዋል፣ እናንተ አንድ ሰዓት ከምትናገሩት ይሻላል።

ጥያቄ መጠየቅ

ዋናው ስልጠና እዚህ ጋ ነው፣ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ ጨርሱ።

"በወር ትርፍሽ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሎን ኦፊሰር ምንም አልጠየቀም። አብዛኛው ደንበኛችን ትርፉን በወር አይቆጥርም፣ ስለዚህ ደንበኛው ሎን ኦፊሰሩን ደስ የሚለውን ቁጥር ይነግረዋል፣ ሎን ኦፊሰሩም ይጽፋል፣ ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ። መጠየቅ ያለበት የሚታወስ ነገር ነው። መጨረሻ ጤፍ የገዛሽው መቼ ነው፣ ስንት ኪሎ፣ ከማን፣ በእጅ በእጅ ነው በዱቤ፣ ለስንት ቀን በቃሽ፣ እንጨት ነው ኤሌክትሪክ፣ ስንት ምጣድ አለሽ፣ ሆቴል ታቀርቢያለሽ ወይስ በር ላይ ነው የምትሸጪው፣ ሆቴሉ መቼ ነው የሚከፍልሽ። ከዛ ማጣራት። እንጀራ ሻጯ በቀን 80 እንጀራ እሸጣለሁ ብላ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ ኩንታል ጤፍ 10 ቀን ይበቃኛል ካለች፣ ከኩንታሉ 800 እንጀራ ወጣ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ በኪሎ 8 እንጀራ ነው። ከንጹህ ጤፍ በተለመደው መጠን ይሄ አይወጣም። ስለዚህ ወይ ሩዝ ወይ በቆሎ ትቀላቅላለች፣ ወይ ከሁለቱ ቁጥር አንዱ ልክ አይደለም። ሰልጣኙ "ዋሸችኝ" ብሎ እንዳይወጣ አስተምሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም፣ የዓመት በዓል ሰሞኑን ሽያጭ ነው የነገረችው። እና ረጋ ብሎ "እስቲ ያለፈውን ማክሰኞ እንውሰድ" ብሎ እንደገና ይጠይቅ።

አጠራርም ይለማመዱ፣ አትናቁት። ከተማ ያደገ ልጅ ገብቶ የእናቱን እኩያ "አንቺ፣ ስምሽ ማነው" ካለ ቀሪው ኢንተርቪው በዜሮ ነው የሚያልቀው። እማማ፣ እትዬ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ እንደ አካባቢው፣ አንቱታውም እንደ እድሜው። ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን የማይችል ሰልጣኝ እዛ መመደብ ራሱ ስህተት ነው፣ አስተርጓሚ ሆኖ የሚገባው የቡድን ሰብሳቢው ነው፣ ሰብሳቢው ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው።

ቀጥሎ የቤት ወጪ። ብዙ ፎርም ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የተተወለት፣ ግን ብድር የሚበላሸው እዛ መስመር ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት፣ እድር፣ እቁብ፣ ገጠር ላሉ ቤተሰቦች የሚላክ፣ መድሃኒት፣ ከሌላ ተቋም ያለ ብድር፣ ከጎረቤት የተወሰደ፣ በስልክ የተወሰደ። እቁብን በተለይ በደንብ ያጣሩ። እቁቡ ገና ያልደረሳት ከሆነ ቁጠባ አለቻት ማለት ነው፣ ደርሷት የበላች ከሆነ ግን እዳ ነው፣ ፎርሙ ላይ ሁለቱም "እቁብ አላት" ተብሎ ነው የሚጻፈው። የስልክ ብድሩንም አትርሱ፣ ቴሌብር ላይ እንደኪሴና መላ የሚባሉት የስልክ ብድሮች ከመጡ ወዲህ ሰው ያንን እንደ ብድር አይቆጥረውም፣ "ብድር አለብሽ?" ስትላት "የለብኝም" ትልሃለች፣ በሙሉ ልቧ። ስለዚህ ለብቻው በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። ተቋማችሁ የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ማየት የሚችል ከሆነም ሳይታይ ፋይል ወደ ብድር ኮሚቴ አይሂድ።

ካሌንደር ደግሞ ግድ ነው። ለሰልጣኞች የአስራ ሶስቱን ወር ባዶ ሰንጠረዥ ስጡና ለአንድ ስራ እንዲሞሉ አድርጉ። ስጋ ቤት ከሆነ ሁዳዴ 55 ቀን ምን ይሆናል፣ እንቁላልና ወተት የሚሸጥስ፣ መስከረም ላይ ዩኒፎርምና ደብተር አለ፣ ክረምት ላይ የጉሊት ሰው ዝናብ አለበት፣ ገበሬ ቤት እህል የሚገባው ህዳርና ታህሳስ ነው፣ ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ነው። በሬ ለፋሲካ የሚያደልብ ሰው ከጥር ጀምሮ በየወሩ ክፈል ከተባለ ከምን ያመጣል? ከበሬው መኖ ላይ ነው የሚቀንሰው፣ ወይ ካበደርነው ብር ላይ ቆርጦ ለራሳችን ይመልስልናል። እንደዚህ አይነቱ ብድር ሽያጩ ላይ አንዴ የሚከፈል መሆን አለበት። ይሄን ሰንጠረዥ ሳይሞላ ሰልጣኝ የክፍያ ፕሮግራም አያውጣ።

ሁሉም ወጪ ተቀንሶ ለምሳሌ በወር 6,000 ብር ቀራት እንበል። 6,000 ወርሃዊ ክፍያ ትችላለች ማለት አይደለም። እኔ ግማሹን ነው የማስተምረው፣ 3,000። አንዳንድ ተቋም ከዚህ ይበልጣል፣ ፖሊሲያችሁን ተከተሉ፣ ግን ልጅ አንዴ የታመመ ጊዜ ክፍያው የሚቆም ከሆነ ሂሳቡ መጀመሪያውኑ ልክ አልነበረም።

ወለድ በወረቀትና በእስክሪብቶ

ሲስተሙ ያወጣዋል ብላችሁ አትለፉት። ኮምፒውተሩን ዝጉና በእጅ ያስሉ። 24,000 ብር፣ 12 ወር፣ 18 በመቶ። ፍላት ከሆነ፣ ማለትም ወለዱ እስከ መጨረሻ ከመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ የሚሰላ ከሆነ፣ የዓመቱ ወለድ 4,320 ብር ነው፣ በየወሩ 2,360 ትከፍላለች። በቀሪ እዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ በየወሩ ዋናው 2,000 እየቀነሰ ወለዱ መጀመሪያ ወር 360፣ ቀጥሎ 330፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ ወር 30 ይደርሳል፣ ድምሩ 2,340። ሁለቱም "18 በመቶ" ነው የሚባለው፣ ልዩነቱ 1,980 ብር ነው። ሰልጣኞች ይሄን ራሳቸው ሲያሰሉት የሚያሳዩት ፊት ሁሌም አንድ ነው፣ ዝም ይላሉ፣ ከዛ አንዱ "የኛስ የቱ ነው?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱት።

በዛ ላይ ደግሞ ከብድሩ ላይ ተቀናሾቹ አሉ። 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 480፣ ቅድሚያ ቁጠባ 5 በመቶ ቢሆን 1,200፣ እጇ ላይ የሚገባው 22,320 ነው፣ ወለዱ ግን ከ24,000 ነው የሚሰላው። ስራ ለመጀመር በትክክል 24,000 የሚያስፈልጋት ከሆነ የጎደለውን ከየት ነው የምታመጣው፣ አራጣ ከሚያበድረው ሰውዬ። ሰልጣኙ ይሄን ሁሉ ፊደል ላልቆጠረች እናት በአምስት ደቂቃ በቃል ማስረዳት አለበት፣ እጅሽ ላይ ስንት ይገባል፣ በየወሩ ስንት፣ ሲያልቅ በድምሩ ስንት ከፈልሽ። አንዱ ሰልጣኝ እናት ሆኖ ይቀመጥ፣ ሌላው ያስረዳ፣ "እናት" መልሳ በራሷ አባባል ካልነገረችው አላለፈም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያላችሁ ደግሞ ሙራባሃን ለብቻ አንድ ቀን ስጡት፣ ምክንያቱም እዛ ተቋሙ እቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ነው የሚሸጠው፣ ብር በእጅ አይሰጥም። ብሩን ሰጥቶ ደረሰኝ አምጣ ብሎ ወለድን "ትርፍ" ብሎ መጥራት ሙራባሃ አይደለም፣ ሙስሊም ደንበኞችም ወዲያው ነው የሚያውቁት።

ፓር ምን ማለት እንደሆነ

አዲስ ሰልጣኝ ውዝፍ ስትለው ያልተከፈለውን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው የሚያስበው። ፓር 30 (ፖርትፎሊዮ አት ሪስክ፣ ለአደጋ የተጋለጠ ብድር) ግን ከ30 ቀን በላይ ያለፈበት ብድር ያለውን ቀሪ ዋና እዳ በሙሉ ነው የሚይዘው። አንድ ልጅ 3,000,000 ብር ፖርትፎሊዮ (ደንበኞቹ ላይ ያለ ጠቅላላ ቀሪ ብድር) ይዟል፣ ስድስት ደንበኛ ከወር በላይ ዘግይተዋል፣ ያልከፈሉት ድምር 21,000 ብር ነው፣ ቀሪ እዳቸው ግን 210,000። በሱ አስተሳሰብ ችግሩ 0.7 በመቶ ነው፣ በፓር ግን 7 በመቶ። ይሄ ልዩነት የገባው ሰው በመጀመሪያው ቀን ይደውላል፣ ያልገባው ሰው ወር ይጠብቃል።

እዚሁ ላይ ሪሼድዩል ማድረግንና መደበቅን ለዩላቸው። ሰው ታሞ፣ ከብት ሞቶበት፣ ሱቁ ተቃጥሎ በማስረጃ ጊዜ ቢራዘምለት ስራ ነው። ሩብ ዓመት መዝጊያ ላይ አዲስ ብድር ሰጥቶ አሮጌውን በወረቀት ማዘጋት ግን ማጭበርበር ነው፣ ማናጀሩ ቢያዝም ያው ነው። በግልጽ ተናገሩት፣ ምክንያቱም ማንም ካልነገራቸው ነባሮቹ "ማስተካከል" ብለው ነው የሚያስተምሯቸው።

ማስመለስ

በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድር ላይ ቡድኑ ራሱ ነው ማስመለሻው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ልክ አለው። ህንድ ውስጥ አንድራ ፕራዴሽ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ የሆነውን ለሰልጣኞች ንገሯቸው። ብዙ ተቋም በአንድ መንደር ላይ ተረባርቦ አበደረ፣ አንድ ቤት ሶስት አራት ብድር ያዘ፣ ማስመለሱ ወደ ማዋከብ ሄደ፣ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ጉዳይ አደባባይ ወጣ፣ የክልሉ መንግስት ጥብቅ ህግ አወጣ፣ ሰውም መክፈሉን አቆመ። ማዋከብ ግፍ ነው፣ ያንን ብትተወው እንኳን ብሩንም አያስመልስም።

ስለዚህ ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦ የክፍያው ቀን ካለፈ በኋላ ቀን አንድ፣ ስልክ። ቀን ሶስት፣ ቤት መሄድ፣ ብቻዋን ባለችበት፣ ጎረቤት ፊት ድምጽ ሳይነሳ፣ ሀዘን ወይ ድግስ ያለበት ቤት በዛን ቀን አይኬድም። የመጀመሪያው ጥያቄ "ለምን አልከፈልሽም" ሳይሆን "ምን ገጠመሽ" ነው። የማትችለውንና የማትፈልገውን መለየት የሚቻለው በዚህ ጥያቄ ነው። የማትችል ከሆነች ወደ ኮሚቴ፣ የማትፈልግ ከሆነች ወደ ዋሶቿና ወደ ህግ፣ በጽሁፍ።

አንድ ሌላ የኛ አገር በሽታ አለ፣ "የመንግስት ብር ነው" የሚለው። ብዙ ሰው ብድሩን በቀበሌ ስብሰባ ነው የሰማው፣ በ2009 የተጀመረው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም በነዚሁ ተቋማት በኩል ነው የወረደው፣ ስለዚህ ምርጫ ሲመጣ ይሰረዝ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አለ። ሰልጣኙ መልሱን በቃሉ ይወቀው፣ የምናበድረው ብር ውስጥ እዚሁ ሰፈር ያሉ እናቶች የቆጠቡት አለበት፣ ነገ ሊያወጡ ሲመጡ ምን ልንላቸው ነው። ካድሬ አብሮ ይዞ ለማስመለስ መሄድ ደግሞ ወሬውን ማረጋገጥ ነው፣ አታድርጉት።

እጅና ኪስ

አንድ ህግ ከመጀመሪያው ቀን፦ ያለ ደረሰኝ ብር በእጅ አይነካም። "ነገ አስገባልኝ፣ አምንሃለሁ" የምትል ደንበኛ ክፉ አይደለችም፣ ግን ብዙ ልጆች እስር ቤት የገቡት በሷ አይነት ብር ነው፣ ዛሬ ኪስ ውስጥ አደረች፣ ነገ ለነዳጅ ተከፈለች፣ ከነገ ወዲያ በሌላ ደንበኛ ብር ተሸፈነች። በቴሌብር ወይ በባንክ የሚከፈልበት መንገድ ካለ ደንበኛዋ በራሷ ስልክ እንድትልክ ያሳያት፣ ስልኳን ተቀብሎ፣ ፒኗን ጠይቆ አይላክላት።

በሰው ስም መበደርም አለ። አንዷ ትፈርማለች፣ ብሩን የሚወስደው የቡድን ሰብሳቢው ነው። የሚያዘው ብድሩ ከወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳይነገር ሄዶ በማየት ነው፣ በጎቹ የታሉ፣ ሲንጀሩ የታለ። ለዚህ ደግሞ ሰልጣኙን ሌላ ሎን ኦፊሰር ያበደረው ደንበኛ ጋ ላኩት፣ እሱ ያበደረው ጋ ሌላ ሰው ይሂድ።

ስጦታን በተመለከተ እኔ መስመሩን ቡና ላይ ነው የማሰምረው። ቡና አልጠጣም ብሎ መውጣት ነውር ነው፣ ኢንተርቪውም ያበላሻል፣ ይጠጣ። ለፋሲካ ዶሮ ተልኮለት የተቀበለ ልጅ ግን ግንቦት ላይ ያቺን ሴትዮ ክፈይ ለማለት አፉ ይያዛል።

ህጉን በአጭሩ

አንድ ከሰዓት ይበቃል። ዘርፉ በአዋጅ 40/1988 ተጀመረ፣ አሁን የሚገዛው 626/2001 ከነማሻሻያው ነው፣ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ። ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት የሚፈቅደው 1147/2011 ለሎን ኦፊሰር ከሁሉም በላይ ይጠቅመዋል፣ ከብት፣ ማሽን፣ መሳሪያ መያዣ መሆን ይችላል፣ ግን ከመቀበል በፊት የመያዣ መዝገቡ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳልያዘው ይታያል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ብድርና ቁጠባ ተቋም ሲንቄ ባንክ፣ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ኦሞ ባንክ ከሆኑ ወዲህ ብዙ የድሮ ማኑዋል እጅ በእጅ እየተላለፈ ነው፣ ተጠንቀቁ፣ ውስጡ የተሻሩ መመሪያዎች ሞልተዋል። የማይክሮፋይናንስ ተቋማት ማህበሩም ለአባላት ስልጠና ያዘጋጃል፣ ወደዛ የምትልኩት ግን ስድስት ወር ፊልድ ያየውን ሰው ይሁን፣ ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄደው።

ደህንነት የሚባለውንም ከስልጠናው አታውጡት። ሞተር ሳይክል የሚሰጠው ልጅ መንጃ ፈቃድ ይኑረው፣ ሄልሜት ይኑረው፣ ብር የሚሸከምበት ቀን የታወቀ አይሁን። ሴት ሎን ኦፊሰሮች ብቻቸውን ራቅ ያለ የደንበኞች መሰብሰቢያ ማዕከል ሲሄዱ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ቅርንጫፍ ይኑር፣ ከደንበኛም ከአለቃም ለሚመጣ ትንኮሳ ለማን እንደሚናገሩ በስም ይነገራቸው።

ሰለጠነ የሚባለው መቼ ነው

ባዶ ቦታ ሙላ ፈተና አትስጡ። ሶስተኛው ወር ላይ እሱ ካበደራቸው አምስት ደንበኞች በእጣ አውጡና አሰልጣኙ ብቻውን ሄዶ ሶስት ጥያቄ ይጠይቃቸው፦ በድምሩ ስንት ትመልሻለሽ፣ መክፈል ቢያቅትሽ ለማን ትናገሪያለሽ፣ ቅሬታ ካለሽ የት ትሄጃለሽ። ከአምስቱ ደንበኞች ሶስቱ ካልመለሱ ሰልጣኙ ፊልድ ላይ ከነባሩ ጋር ወር ይጨምር፣ ደንበኛ አይጨመርለት።

ስድስተኛው ወር ላይ ያኔ አዳራሹን ያዙ፣ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሆቴል ባይሆንም ግድ የለም። መግቢያው ሁለት ፋይል ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ የተበላሸ ብድርና አንድ እምቢ ያለውን ይዞ ይመጣል፣ የደንበኛው ስም ተሸፍኖ። እምቢ ያለው ፋይል የሌለው ሰልጣኝ ካለ ከሱ በፊት ማናጀሩን ጠርታችሁ አነጋግሩ።